ቱጃር ባለቤት ትንሽ ክለብን ለዋንጫ ያበቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ባለሀብት ክለብ በገዛ ቁጥር ደጋፊው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብናቸው በአብዛኛው የእንግሊዝን እግር ኳስ ይመለከታሉ፤ ገንዘቡም፣ ደንቡም፣ ስኬቱና ውድቀቱም በግልጽ ተመዝግቦ የሚገኘው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ፣ ቱጃር ባለቤት ትንሽ ክለብን ተፎካካሪ ማድረግ ይችላል ወይስ አይችልም?

«ተፎካካሪ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይወሰናል። ከታችኛው እርከን ተነስቶ ፕሪሚየር ሊግ መግባት፣ ገብቶም በደረጃው መሀል መቀመጥ፣ ገንዘብና ትዕግሥት ላለው ባለቤት የሚደረስበት ግብ ነው። ዋንጫው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ከተጀመረ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ሻምፒዮን የሆኑት ሰባት ክለቦች ብቻ ናቸው፦ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ብላክበርን፣ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ሌስተርና ሊቨርፑል። ከነዚህ ውስጥ በእርግጥ ትንሽ የሚባሉት ብላክበርንና ሌስተር ሲሆኑ፣ ብላክበርን ዋንጫውን ባነሳ በአራት ዓመቱ፣ ሌስተር በሰባት ዓመቱ ከሊጉ ወርደዋል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ መንገዱስ አለ፣ ያስቸገረው እዚያው መቆየቱ ነው።

ብላክበርን ያን ጊዜ እንዴት ተሳካለት?

ጃክ ዎከር በብረት ንግድ የከበረ የከተማው ልጅ ነበር። ክለቡን በጥር 1991 ሲረከብ ቡድኑ በሁለተኛው እርከን ይንገታገት ነበር። ገንዘቡን ያወጣበት ቅደም ተከተል ዛሬም ሊጠና ይገባዋል። መጀመሪያ የገዛው አጥቂ ሳይሆን አሰልጣኝ ነው፦ በጥቅምት 1991 ከሊቨርፑል ጋር ሦስት ጊዜ ሊጉን ያሸነፈውን ኬኒ ዳልግሊሽን አመጣ። ያ ስም በሌላ ጊዜ ወደ ብላክበርን ዞር ብለው የማያዩ ተጫዋቾችን ስልክ እንዲያነሱ አደረጋቸው። ቡድኑ በ1992 በጥሎ ማለፍ አደገ፤ በዚያው ክረምት አለን ሺረር ከሳውዝሃምፕተን በ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፤ በ1993 ግብ ጠባቂው ቲም ፍላወርስ፣ በ1994 ደግሞ ክሪስ ሳተን በ5 ሚሊዮን ተጨመሩ። ጎን ለጎን ኢውድ ፓርክ ስታዲየም ታደሰ፣ የልምምድ ማዕከል ተሠራ። በ1994/95 የውድድር ዘመን ሺረር 34 ጎል አግብቶ ክለቡ በ89 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ዩናይትድ በ88 ቀረ። በመጨረሻው ቀን ብላክበርን አንፊልድ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ ነበር፤ ያዳነው ዩናይትድ ከዌስትሃም ጋር አቻ መውጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ትምህርት አለው። ዳልግሊሽ የአሰልጣኝነቱን ወንበር ለቆ ወደ ቢሮ ገባ፣ ቡድኑ በደንብ ሳይታደስ ቀረ፣ ሺረር በ1996 በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ኒውካስል ሄደ። የከተማው ስፋትና የስታዲየሙ ገቢ ትልልቆቹ ክለቦች ከሚያስገቡት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በ1999 ወረዱ፤ ዎከር በ2000 አረፈ።

ዛሬ አንድ ቢሊየነር 500 ሚሊዮን ፓውንድ አፍስሶ ያንኑ መድገም ለምን አይችልም?

በዎከር ጊዜ የኪሳራ ጣሪያ አልነበረም። አሁን አለ። በፕሪሚየር ሊግ የትርፍና ዘላቂነት ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያሳይ የሚችለው ኪሳራ ቢበዛ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ያም ቢሆን ባለቤቱ ጉድለቱን በአክሲዮን መልክ ገንዘብ አስገብቶ ከሸፈነ ብቻ ነው፤ ካልሸፈነ ጣሪያው ወደ 15 ሚሊዮን ይወርዳል። በሁለተኛው እርከን፣ በቻምፒዮንሺፕ፣ የሚቆጠረው በዓመት 13 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ታች፣ አንድ ዓመት ላይ የነበረ አዲስ አዳጊ ጣሪያው 61 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ኖቲንግሃም ፎረስት በመጋቢት 2024 አራት ነጥብ የተቀነሰበት ይህንኑ አልፎ ነው። ኤቨርተን በኅዳር 2023 አሥር ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ ስድስት ዝቅ ሲልለት፣ በሚያዝያ 2024 ሌላ ሁለት ተጨመረበት።

ይህ አሠራር ከ2026/27 ጀምሮ ለቡድን የሚወጣውን ወጪ ከገቢ 85 በመቶ ላይ በሚገድብ ሥርዓት እንዲተካ ክለቦቹ በኅዳር 2025 በድምፅ ወስነዋል። በአውሮፓ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ ደግሞ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርን (ኡኤፋን) የ70 በመቶ ገደብ ማሟላት ይጠበቅበታል። ደንቡ ስሙን ይቀይር እንጂ ለትንሽ ክለብ መልእክቱ አንድ ነው፦ የምታወጣው በምታስገባው ልክ ነው፤ ገቢህ ደግሞ ትንሽ ነው። በእኛ ግምት ይህ ደንብ ክለቦችን ከክስረት የመጠበቁን ያህል የትልልቆቹን በር ከውስጥ የሚቆልፍም ነው፤ ሁለቱም ትችቶች እውነት ናቸው።

ስታዲየምና አካዳሚስ ይቆጠራሉ?

በትርፍና ዘላቂነት ደንቡ አይቆጠሩም። ለስታዲየም፣ ለታዳጊዎች አካዳሚ፣ ለሴቶች ቡድንና ለማኅበረሰብ ሥራ የሚወጣው ከሒሳቡ ይቀነሳል። ብልህ ባለቤት ገንዘቡን መጀመሪያ ወደዚያ የሚያዞረው ለዚህ ነው።

የዝውውር ገንዘብ በመዝገብ ላይ እንዴት ይሰላል?

ብዙ ደጋፊ የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። ክለቡ አንድ ተጫዋች በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ለ5 ዓመት አስፈረመ እንበል። ሃምሳው በአንድ ዓመት ወጪ ላይ አይጻፍም፤ ለአምስት ተከፍሎ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ይመዘገባል። በሳምንት 100,000 ፓውንድ የሚከፈለው ከሆነ በዓመት 5.2 ሚሊዮን ደሞዝ ይጨመራል። ድምር 15.2 ሚሊዮን። በአንድ የዝውውር መስኮት እንዲህ ያሉ አምስት ቢገዛ በየዓመቱ 76 ሚሊዮን ተሸከመ ማለት ነው። የሚፈቀደው ኪሳራ በአማካይ በዓመት 35 ሚሊዮን መሆኑን እዚህ ላይ አስታውሱ።

ሽያጩ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ያው ተጫዋች ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ 20 ሚሊዮን ነው። በ30 ሚሊዮን ቢሸጥ ክለቡ ከከፈለው 20 ሚሊዮን ጎድሎበትም መዝገቡ ላይ 10 ሚሊዮን ትርፍ ይጻፋል። በ12 ሚሊዮን ቢሸጥ ግን 8 ሚሊዮን ኪሳራ ነው፤ ለዚህም ነው ያልተሳካለት ተጫዋች ሳይሸጥ በውሰት ከክለብ ክለብ ሲዞር የምታዩት። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ የመዝገብ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ይባላል። ክለቦች ገና በእጃቸው ያደጉ ልጆችን ለመሸጥ የሚገፉት ጠልተዋቸው አይደለም።

ቼልሲ ከ2022 በኋላ ተጫዋቾችን ለሰባትና ለስምንት ዓመት ያስፈርም የነበረው ወጪውን ለብዙ ዓመት ለመበተን ነበር። ኡኤፋም ፕሪሚየር ሊጉም በ2023 ስሌቱን በአምስት ዓመት ገደቡት።

ኒውካስል የዓለም ሀብታም ባለቤት እያለው ለምን ሊጉን አልወሰደም?

የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የመራው ቡድን ክለቡን በጥቅምት 2021 በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ኒውካስል ያለ አንድ ድል 19ኛ ነበር። በጥር 2022 ኪረን ትሪፒየር፣ ብሩኖ ጉማሬሽ፣ ዳን በርንና ክሪስ ውድ መጡ፤ ቡድኑ 11ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በቀጣዩ ዓመት 4ኛ። እስከዚህ ድረስ ገንዘቡ በትክክል ሠርቷል፤ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን አራት ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ብቻ መልኩን ይቀይሩለታል።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ያዘው። በሰኔ 2024 የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ኤሊዮት አንደርሰንንና ያንኩባ ሚንቴን ለመሸጥ ተገደደ። አንደርሰን ከራሱ አካዳሚ የወጣ ልጅ ነው፤ ከላይ ያለውን ስሌት አስታውሱ። ኒውካስል በመጋቢት 2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊግ ካፕን አነሳ፤ ከ1955ቱ ኤፍ ኤ ካፕ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫው ነው። በዚያው ዓመት መስከረም መጀመሪያ ላይ አጥቂው አሌክሳንደር ኢሳክ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደዚያው ሊቨርፑል ሄደ። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ይሁን፣ ተጫዋቹ የሚያየው የክለቡን የደሞዝ አቅምና የሚጫወትበትን ውድድር ነው።

ማንቸስተር ሲቲና ቼልሲ ታዲያ እንዴት ቻሉ?

ቀድመው ስለደረሱ። የሩሲያው ባለሀብት አብራሞቪች ቼልሲን በ2003 ሲገዛ ክለቡ 4ኛ ሆኖ የጨረሰ እንጂ ትንሽ አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓመት አሰልጣኙ ሞሪኒሆ በ95 ነጥብ፣ 15 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት ዋንጫውን ወሰደ። ሲቲ በ1998/99 በሦስተኛው እርከን የተጫወተ ክለብ ነው። የአቡ ዳቢው ሼህ ማንሱር በመስከረም 2008 ከገዛው በኋላ 10ኛ፣ 5ኛ፣ 3ኛ፣ ከዚያ በ2012 በጎል ክፍያ 1ኛ ወጣ። ልብ በሉ፣ ሮቢንሆ ክለቡ በተገዛበት ዕለት በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ ዋንጫ ሳያነሳ ሄዷል። ለሲቲ የጠቀመው ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው፦ ከባርሴሎና የመጡት የአስተዳደርና የስፖርት ዳይሬክተሮች በ2012፣ የአካዳሚው ማዕከል በ2014፣ አሰልጣኙ ጓርዲዮላ በ2016። ፕሪሚየር ሊጉ በየካቲት 2023 በክለቡ ላይ ከመቶ በላይ የፋይናንስ ደንብ ጥሰት ክስ መሥርቷል፤ ክለቡ ክሱን ይክዳል።

ብዙ ገንዘብ ሳይረጩ የተሳካላቸው የሉም?

አሉ፤ ለትንሽ ክለብ ባለቤት የምንመክረው መንገድም ይህ ነው። ብራይተንን ቶኒ ብሉም በ2009 ሲይዘው ክለቡ በሦስተኛው እርከን ነበር፤ የሚጫወተውም የአትሌቲክስ መሮጫ ባለበት ተውሶ በያዘው ሜዳ ላይ ነው። ብሉም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ያለ ወለድ አበድሮ አዲሱን ስታዲየም በ2011 አስከፈተ። በ2017 ፕሪሚየር ሊግ ገቡ፣ በ2023 6ኛ ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ ደረሱ። ሞይሰስ ካይሴዶን ከኢኳዶር ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ገዝተው በ2023 በ100 ሚሊዮን፣ ከተጨማሪ ክፍያ ጋር እስከ 115 ሚሊዮን በሚደርስ ዋጋ ለቼልሲ ሸጡት። በ2022/23 የሒሳብ ዓመት ክለቡ ያሳየው ትርፍ 122.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

ብሬንትፎርድም በማቲው ቤንሃም ሥር ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ኦሊ ዋትኪንስን በ2017 ከአራተኛው እርከን ክለብ ኤክሰተር ገዝቶ በ2020 በ28 ሚሊዮን ለአስቶን ቪላ ሸጠ፤ በምትኩ ከፒተርቦሮ ያመጣው አይቫን ቶኒ በአንድ የቻምፒዮንሺፕ ዘመን 31 ጎል አግብቶ ክለቡን በ2021 አሳደገው። ሁለቱም ባለቤቶች በውርርድ ስሌት የከበሩ ሰዎች ናቸው፤ መልማዮቻቸው ተጫዋች የሚያጣሩት በመረጃ ነው። ዋናው ዘዴ ግን ከመሸጥ በፊት ተተኪውን መያዝ ነው። ኮከቡን ሸጦ በነሐሴ መጨረሻ ቀን ተተኪ የሚፈልግ ክለብ፣ ሻጩ ኪሱ ውስጥ ስንት እንዳለ እያወቀ ይደራደራል።

ይህ መንገድ ግን ጣሪያ አለው። ብራይተንም ብሬንትፎርድም ሊጉን አላሸነፉም።

ሌስተርስ?

የታይላንዱ ባለሀብት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ክለቡን በ2010 ገዝቶ ዕዳውን አቃለለ፣ በ2014 አሳደገው። በ2016 አወራራጆች 5,000 ለ 1 የሰጡት ቡድን በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ቫርዲ 1 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ካንቴ 5.6 ሚሊዮን፣ ማህሬዝ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ነበር የወጣባቸው። ስለዚህ ዋንጫውን የቱጃሩ ገንዘብ ገዛው ማለት አይቻልም፤ ያመጡት መልማዮቹ ያገኟቸው ተጫዋቾችና ትልልቆቹ በአንድ ዓመት ሁሉም የተንሸራተቱበት አጋጣሚ ናቸው። የወደቀው በኋላ ነው፦ ቪቻይ በጥቅምት 2018 በሄሊኮፕተር አደጋ አረፉ፣ ኮቪድ የቤተሰቡን የአየር ማረፊያ ሱቆች ንግድ መታው፣ ክለቡም አውሮፓ እንደሚደርስ ታስቦ የተፈረመ ደሞዝ ተሸክሞ ቀረ። በ2023 ሲወርዱ የደሞዝ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ይበልጥ ነበር።

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው በምን ምክንያት ነው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ለሚለው ተረት ማላጋንና አንዢን የሚያህል ምሳሌ የለም። ማላጋን የኳታሩ ሼህ አብዱላ አልታኒ በ2010 ገዙት፤ በ2012 በስፔን ሊግ 4ኛ ወጣ። ግን በዚያው ክረምት ደሞዝና የዝውውር ክፍያ ተጓተተ፣ ካዞርላ ወደ አርሰናል ተሸጠ፣ ቆይቶም ኡኤፋ በዕዳው ምክንያት ከአውሮፓ ውድድር አገደው። እገዳው ሳይደርስበት በተጫወተው ቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ላይ ዶርትሙንድ ለባከነ ሰዓት በተጨመረው ደቂቃ ሁለት ጎል አግብቶ አስወጣው። በ2018 ወረደ፣ በ2023 ሦስተኛው እርከን ገባ። ባለቤቱ ገንዘብ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ክለቡ የቆመው በሳቸው ፍላጎት ላይ ብቻ ነበር።

የሩሲያው አንዢ ደግሞ ሳሙኤል ኤቶን በ2011 አስፈረመ። ተጫዋቾቹ የሚኖሩትና የሚለማመዱት ሞስኮ ነበር፤ ለሜዳቸው ጨዋታ ወደ ማካችካላ በአውሮፕላን ይመላለሱ ነበር። በ2013 3ኛ ወጡ። በዚያው ነሐሴ ባለቤቱ ሱሌይማን ኬሪሞቭ በጀቱን ቆረጡ፣ ኮከቦቹ በቀናት ውስጥ ተሸጡ፣ ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን ወረደ።

ፖርትስማውዝ በ2008 ኤፍ ኤ ካፕን አነሳ፤ በየካቲት 2010 ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ በዕዳ ምክንያት በአስተዳዳሪ እጅ ገባና ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበት። በ2013 አራተኛው እርከን ደረሰ፤ ያተረፉት ደጋፊዎቹ ተሰባስበው በመግዛት ነው።

በሦስቱም ላይ የሚደጋገመው አንድ ነው፦ ደሞዙ ለአራትና ለአምስት ዓመት የተፈረመ ውል ሲሆን፣ የባለቤቱ ፍላጎት ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይቀየራል። ሲወርዱ ደሞዝ የሚቀንስ አንቀጽ በውሉ ካልገባ አንድ መጥፎ የውድድር ዘመን ይበቃል።

ባለቤቱ የሚያስገባው ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ደጋፊ እንዴት ያውቃል?

የእንግሊዝ ክለቦች ዓመታዊ ሒሳብ በመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም፤ አራት ነገር ይበቃል። ደሞዙን ለገቢው አካፍሉት፤ ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን ልብ በሉ፣ ከ100 በላይ ሲሆን ባለቤቱ በየወሩ ኪሱን እየከፈተ ነው። የባለቤቱ ገንዘብ በብድር ወይስ በአክሲዮን እንደገባ ተመልከቱ፤ ብድር ከሆነ ወለዱንና መመለሻ ጊዜውን ፈልጉ። ስታዲየሙ በመያዣ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ወይም ለባለቤቱ ሌላ ድርጅት ተሸጦ እንደሆነ እዩ። በመጨረሻም ሒሳቡ በጊዜው መግባቱን አረጋግጡ፤ ደጋግሞ የሚዘገይ ክለብ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው አለው። አብራሞቪች ለቼልሲ ያስገቡት 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል በብድር የተመዘገበ ነበር። በ2022 ክለቡ ሲሸጥ እንዲመለስላቸው አልጠየቁም እንጂ፣ ቢጠይቁ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ሬክሰም በተዋናዮች ገንዘብ ፕሪሚየር ሊግ ይደርሳል?

የዌልሱን ክለብ ተዋናዮቹ ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ በየካቲት 2021 ገዝተውት በ2023፣ በ2024ና በ2025 በተከታታይ ሦስት ጊዜ አድጓል። ታች ባለው እርከን ዝናቸው ያመጣው የስፖንሰር ገቢ ከተፎካካሪዎቹ በብዙ ይበልጥ ነበር። በቻምፒዮንሺፕ ግን ከፕሪሚየር ሊግ የወረዱ ክለቦች የማካካሻ ክፍያ ይዘው ይጠብቁታል፤ የቀድሞው ብልጫ እዚያ ያን ያህል አያስኬድም።

በጀርመን እንዲህ ያለ ነገር ለምን ብዙም አይታይም?

ከድምፁ ከግማሽ በላዩ በክለቡ አባላት እጅ እንዲቀር የሚያስገድድ ደንብ ስላለ። ይህ ደንብ እያለም ሆፈንሃይም በባለሀብቱ ዲትማር ሆፕ ገንዘብ፣ ላይፕዚግ በሬድ ቡል ገንዘብ ወጥተዋል። ላይፕዚግ በ2009 ከአምስተኛው እርከን ጀምሮ በ2016 ቡንደስሊጋ ገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት 2ኛ ሆነ። እሱም ቢሆን ገና ሊጉን አላነሳም።

አዲስ ባለቤት በመጀመሪያው ዓመት ምን ቢያደርግ ይሻላል?

ከተጫዋች በፊት የስፖርት ዳይሬክተርና የመልማዮች ክፍል ይቅጠር፤ አሰልጣኝ በየዓመቱ ቢቀየር እንኳ የግዢው መንገድ እንዳይቀየር። የወረሰውን ውል በሙሉ ያንብብ፦ የማን ውል መቼ ያልቃል፣ ማን ላይ የመሸጫ አንቀጽ አለ፣ ሲያድጉ የሚከፈል ጉርሻ ስንት ነው። የልምምድ ሜዳውን ያስተካክል። የሚገዛቸው ተጫዋቾች ዕድሜ ከ24 በታች ቢሆን ነገ የሚሸጥ ይኖረዋል፤ አንድ ሁለት አንጋፋ ለመልበሻ ክፍሉ ይጨምር። የሁሉንም ደሞዝ የሚያስነሳ አንድ ውድ ፊርማ ግን አይፈጽም። ያን ውል ያዩ ሌሎቹ ወኪሎች በሳምንቱ ቢሮው ደጃፍ ላይ ናቸው።

ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ብላክበርን ከግዢ እስከ ዋንጫ አራት ዓመት ከጥቂት ወር ፈጀበት፣ ሲቲ አራት ያልሞላ፣ ሌስተር ስድስት ገደማ። ብራይተን ከሦስተኛው እርከን አውሮፓ ለመድረስ 14 ዓመት። 50,000 ያህል ሰው በሚኖርባት ከተማ ያለው ቪያሪያል በሴራሚክ ነጋዴው ፈርናንዶ ሮዪግ ከተገዛበት ከ1997 ጀምሮ የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው በ2006፣ የዩሮፓ ሊግን ያነሳው በ2021 ነው። በመሀሉ በ2012 አንዴ ወርዷል፤ ባለቤቱ ግን አልሸጠም።

በኢትዮጵያስ?

መዋቅሩ ስለሚለይ ንጽጽሩ በቀጥታ አይሠራም። ብዙዎቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥታዊ ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። በጀት የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት ግን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን መመልከት ይበቃል፤ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ይሁንና በጀቱን የሚያጸድቀው ቦርድ ነው፤ ባንኩ ያንኑ የወንዶች ቡድን ከዓመታት በፊት አፍርሶት እንደነበር የሚያስታውሱ ደጋፊዎች ብዙ ናቸው።